ሐዲድ የሌለው መስመር

ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ነፋስ ሐይቁን ቀማን፤
«ማዕበል በዝቷል» ሲሉ በድምፅ ማጉያው ሰማን፤
የወደቡ መብራት ብልጭ ድርግም አለ፣
ደረቅ የዋና ልብስ በሻንጣ ታዘለ፣
ወደ ሚሽኮልት ከተማ ተመለስኩ በባቡር፤
ጎረቤቴ ጊዜላ ስታየኝ ከበር
«ዋኘሽው?» ብትለኝ፣
«ነፋሱ ዋኘልኝ።»

በሦስተኛው ቅዳሜ ባላቶን አረፈ፣
እንደ ጠገበ ድመት ጭራውን አጠፈ።
ከሬቭፉሎፕ ዳርቻ ሰልፉ ተጠማዞ፣
የሰው መዓት ቆሟል፣ ቁጥር ክንዱ ላይ ይዞ፤
ከፊቴ አንድ አናጢ ቫዝሊን ብብቱን ቀብቶ፣
ከኋላ የጥርስ ሐኪም መነጽሩ ላይ ተፍቶ፤
ማን ማንን ይለያል? ሁሉም ተራቁቶ፣
ማዕረግ ከሱሪ ጋር ሻንጣ ውስጥ ገብቶ።

ወጣቷ ሐኪም የደም ግፊቴን ለካች።
«ከፍ ብሏል፣ እማማ። ፈርተው ነው?» አለች።
«ፍርሃትስ የለም፣ ደረጃው ነው» አልኳት፤
ደረጃ አልነበረም፤ አየችኝ፣ አየኋት፤
ማኅተሙን መታችው።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ትራም ስነዳ ኖሬ
መሪ አልጠመዘዝኩም፣ ወደ ግራ ዞሬ።
መንገዱን ሐዲዱ ያውቃል፤ እኔ ደወል ነኝ፣
ፍሬን ነኝ፣ ሰዓት ነኝ፤ ብረቱ ወሰደኝ።
ዋናም የለመድኩት ሃምሳን ከዘለልኩ፣
ሐኪም ለወገቤ «ውሃ» ብሎኝ ሄድኩ፤
የገንዳውን ጠርዝ እንደ ዘመድ ይዤ
አራት ወር ከረምኩኝ በፍርሃት ፈዝዤ።

እዚህ ግን ሐዲድ የለም።
ግራና ቀኝ ብቻ የቆሙ ጀልባዎች፣
መልሕቅ የጣሉ፣ ባለ ነጭ ሸራዎች፣
እንደ ትራም ፌርማታ በየርቀታቸው፤
ማንም አይወርድባቸው፣ አይሳፈርባቸው።

ውሃው አረንጓዴ ነው፣ ወተት የነካው ዓይነት፤
እጄ ሲገባ አየዋለሁ፣ ከዚያ ይጠፋል ድንገት።
አንድ፣ ሁለት፣ ትንፋሽ። አንድ፣ ሁለት፣ ትንፋሽ።
የማላውቀው ተረከዝ አገጬን መታና
«ይቅርታ!» አለ ሰውየው፣ ደግሞ መታኝና።

መሐል ስንደርስ ግን የኋላው ዳር ጠፍቷል፣
የፊቱም አልመጣ፣ ጭጋግ ውስጥ ተኝቷል፤
ያኔ እጄ ከበደኝ፣ ያኔ ሆዴ ባባ፣
«ማን ላከሽ?» የሚል ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ገባ።
አጠገቤ አንድ ሰው፣ እንደ በርሜል ሆዳም፣
በጀርባው ተንሳፍፎ ሰማይ ያያል ዝም።
«ዶሞኮሽ ነኝ» አለኝ፤ «ሰባተኛ ዓመቴ፤
እዚህ ቦታ ሁሌም ይጠፋል ጉልበቴ።
ምንም አይደል፤ ዞር በይ፣ ጀርባሽን ስጪው፤
ሐይቁ አልጋ ነው እኮ፣ ላልተጣላው ሰው።»

ዞርኩ።
ጆሮዬን ውሃ ሞላው፤ የዓለም ጫጫታ
ከግድግዳ ማዶ እንዳለ ጨዋታ
ራቀ። ሰማይ ቀረ፣ አንዲት ወፍም ነበረች።
ስንት ደቂቃ ቆየሁ? አልቆጠርኩም ያኔ፣
በሰከንድ ስገሠጽ ሠላሳ ዓመት የኖርኩ እኔ።

ቦግላር ሲቃረብ ሐይቁ ጥልቀት አጣ፤
ጉልበቴን ጭቃ ነካው፣ እጄ አሸዋ አወጣ።
የፊቶቹ ተነሱ፣ ውሃው እስከ ወገባቸው፣
ከፋብሪካ እንደወጡ፣ እየጎተቱ እግራቸው፤
ዋናተኛ ነኝ ያለ ሁሉ፣ አምስት ኪሎሜትር ቀዝፎ፣
የቀረችውን ይራመዳል፣ ጭቃውን ተደግፎ።
እኔም ቆምኩ፤
ቆሜም ተጸጸትኩ።
ክብደቴ ተመለሰ፤ ወገቤም፣ የጡረታ ማመልከቻዬም፣
ያልተከፈለው የጋዝ ሒሳብም
ትከሻዬ ላይ ወጡ።
ተመልሼ ተኛሁ።
ዙሪያዬ ሰው ሲራመድ፣ ውሃው እስከ ጉልበት፣
እኔ በሆዴ ዋኘሁ በዚያች በክንድ ጥልቀት፤
ሕፃን እየሳቀብኝ፣ ጭቃ እየቧጠጠኝ፣
እስከ መጨረሻው፣ መሬት እስኪገፋኝ።

ሜዳልያ ሰጡኝ፣ ሻይም በፕላስቲክ ኩባያ።
ላንጎሽ ገዛሁ፣ ነጭ ሽንኩርት የበዛበት፤
ዘይቱ በክንዴ ወርዶ ቁጥሬን አደበዘዘው።

ማታ ጊዜላ በር ላይ፣ እንደ ልማዷ፤
«ዋኘሽው?»
«ዋኘሁት።»
«ስንተኛ ወጣሽ?»
«ስድስት ሺህ ሦስት መቶ ምናምን።»

ሰኞ ጠዋት፣ ኩርባው ጋ፣
ሐዲዱ ራሱ ሲዞር፣
ግራ ክንዴ ሳላዝዘው ከፍ አለ።
ፌርማታው ላይ የቆመ አንድ ሽማግሌ
ሰላም ያልኩት መስሎት
ባርኔጣውን አነሳልኝ።