አረፈደ

ከጣቢያው ጀርባ ነው፣ ሐዲዱ ዝጎ በቀረበት፣
አራት ድንጋይ ጎል ብለን ጤና ቡድን ያቆምንበት።
ገንዘብ ያዡ እኔ ነኝ፤ ደብተሩ ከእኔ ዘንድ አለ፦
ማን ማሊያ እንዳልመለሰ፣ ማን መዋጮ እንደከፈለ።

በሃያ ሦስት ዓመት አንድ ዋንጫ በላን፣ ከወንጂ፤
እሱም ቢሆን አቻ ወጥተን፣ በዕጣ ነው እንጂ።
የአዳማ ነፋስ ሲነሣ ኳስና ሰው አይለይም፤
ዳኛው ፊሽካ ይነፋል እንጂ ጥፋቱን አያይም።

ወርዶፋ በረኛው ጉልበቱን በፋሻ ሲያስር፣
ጀማነህ ገና ከባጃጁ ይወርድ ነበር፤
«ጻፈኝ» ይላል እየሣቀ፣ «አረፈደ፤ አምስት ብር።»

ዐምና ሚያዝያ ቀበርነው።
ሣጥኑን የተሸከሙት ተከላካዮቹ ናቸው፣
ለመጀመሪያ ጊዜ እግራቸው ገጥሞ።

በእሑዱ ደብተሩን ገልጬ
«ቀሪ» ብዬ ልጽፍ ስል እስክሪብቶው እምቢ አለኝ።
«አረፈደ» አልኩ።
ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ፣ በገጾቹ መሐል፣
የታጠፈ አምስት ብር አገኛለሁ።
ማን እንደሚያስቀምጥ አልጠየቅሁም።

ሰባት ቀርተናል። የሜዳው ግማሽ በቆርቆሮ ታጥሯል።
ዛሬም ግን በሰዓቱ አንጀምርም፤
ባጃጅ ባለፈ ቁጥር
ኳሷን በእግራችን ይዘን
ቀና እንላለን።