እስከ ሰባት ቤት

ቂርያት ማልአኺ፣ አራተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የለው፤
እየቆምሁ ወጣሁ፤ ጉልበቴም እንደ ሕንጻው ጠጋኝ ያጣ ነው።
የጠሩኝ ለሥራዬ ነው፦ ዘር እቆጥራለሁ፣
የወገራን፣ የበለሳን፣ የጃናሞራን ቤት በቃሌ ይዣለሁ፤
ማን ከማን እንደተወለደ ያለ ወረቀት የምለካ፣
እስከ ሰባት ቤት፣ ደም ከገዛ ደሙ እንዳይነካካ።
ቀን ቀን ሱፐርማርኬት በር ላይ ቦርሳ እፈትሻለሁ፣
ማታ አጥንት።

ልጅቷ ኦስናት ናት፣ የወንድሜ የቸኮል፣ የሆስፒታል ተረኛ፤
ልጁ ሊኦር፣ የዚሁ ሰፈር፣ የትምህርት ቤት ጓደኛ።
ጀመርሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አልሁ በጣቴ፤
አራት ላይ ጣቴ ቀረ። ቀድማ ገባት ለእህቴ።
አራተኛዋ ያስችላል ትባላለች፣ ከመተማ ገበያ የመጣች፣
ባሥራ ሁለት ጠገራ ብርና ባንድ አህያ የተገዛች።

ዝም። ከዚያ ቤቱ በሙሉ ባንዴ ተናገረ።
"ከኖኅ ነው" አለ ፈረደ፣ "ካም ባባቱ ስቆ፤ ያኔ ነው ባሪያ የተፈጠረ።"
"ረሃብ ነው፤ ሰው ልጁን ባንድ ቁና ማሽላ ሸጠ።"
"ጦር ነው፤ ንጉሥ ዘመተ፣ የተረፈውን በገመድ ጎተተ።"
"ነጋዴው ነው እንጂ፣ እኛ ምን አደረግን?
ሰንበት አሳርፈናታል፤ ከልጆቻችን ጋር አብልተናታል፤ መቼ ገረፍን?"
"ከልጆቻችን በኋላ" አለች እህቴ፣ ወደ መሬት እያየች፤
"ርስት ተነፍገን፣ ቡዳ ተብለን..." ቆመች፣ እንደገና ጀመረች፤
"መሬት አልነበረንም። ሰው ግን ነበረን።"

"ሰው ምን ይለኛል?" አለ ቸኮል፣ ሌላ ቃል አልወጣው፤
አምና ቤት ሊከራይ ሄዶ ባለቤቱ በዚሁ ቃል ነበር የመለሰው።

ኦስናት ስልኳን ደፋች። "አጎቴ፣ ኦሪቱን እኔም አንብቤዋለሁ፤
የተረገመው ከነዓን ነው እንጂ ካም አይደለም፤ እና እጠይቃለሁ፣
ይሄ ሶፋ የተዘረጋው በማን አገር ላይ ነው?"
ማድ ቤት ውስጥ አንዱ ሳቀ፣ ቶሎም አፈነው።
"ደግሞ በሰባተኛው ዓመት ነጻ ይውጣ ይላል ባሪያው፤
እናንተ በሰባተኛው ቤት እንኳ..." "ያ እኮ ለዕብራዊው!"
"ታዲያ ወንዝ ውስጥ የነከራችኋት ምን ሆና ወጣች?"
ብላ ዓይን ዓይኔን አየች።
"አውቶቡስ ላይ ኩሺ ብለው ሊኦርንና እኔን ሲሰድቡን፣
ጨዋዋ የቷ፣ ባሪያው የቱ ብለው አልጠየቁን።"

ወንዝ ስትል ትዝ አለኝ። ያስችላልን አንገረብ ላይ ሦስት ጊዜ ነክረው፣
እንስራችንን እንድትነካ ፈቀዱላት፤
ስትሞት ግን አጥሩ ማዶ ቀበሯት፣ ከመቃብራችን ለየት አድርገው።
እኔም እዚህ በመጣሁ በሦስተኛው ወር አሽቀሎን ወሰዱኝ፤
"ለጥርጣሬው ብቻ ነው፤ ጥለቅ" ብለው ገንዳ ዳር አቆሙኝ።
ጮህሁ። ሰባት ቤቴን አንድ ባንድ ቆጠርሁላቸው።
ረቢው ሰዓቱን አየ። ገና ብዙ ወረፋ ነበረው።
ጠለቅሁ። ውሃው ለብ ብሏል፣ ሽታው የሳሙና፤
የአንገረብን ብርድ አውቀዋለሁ። እሷ ያን ቀን ትዝ አላለችኝም ገና።

"ባይህ፣ ቁረጥ እንጂ!" አሉ፤ የኔ ቃል ነው የሚያጸና።
ዕድሜ ልኬን ቃል አጥቼ አላውቅም።
ኮቴን አነሣሁ። ማንም አልሸኘኝም።

የደረጃው መብራት በየደቂቃው በራሱ ይጠፋል፤
ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጨለመ። እግሬ እንደ ልማዱ ይቆጥራል፦
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ያስችላል፤
የማን ልጅ?
የአህያዋን ባለቤት እንኳ ስሙን ነግረውኛል፤
የእሷን አባት ግን
የጠየቀ የለም።