የተጠማ ጨው

በሃይ ፎንግ ወደብ ላይ መጋቢት ሲጠባ
ግድግዳው ያወርዳል ሐዘን የሌለው እንባ።
ዝናብ አይሉት ጤዛ፤ ኖም እንለዋለን እኛ፤
የባሕር ትንፋሽ ነው፣ ሳይጠሩት ገብቶ ከሰው ጋር የሚተኛ።
ንጣፉ ያልበዋል፣ መስተዋት ይታወራል፣
የታጠበ ሸሚዝ ሦስት ቀን ገመድ ላይ ያድራል፣
በአራተኛው ሻግቶ ይወርዳል።

እኔ ዘበኛ ነኝ፣ የጀልባ መዝገብ ቤት፤
የወጣም የቀረም ስሙ የሰፈረበት።

ድሮ ሁለት ማሽኖች ሲያጓሩ ያድሩ ነበር፤
አየሩን አስጨንቀው በብርድ ሲገርፉት
እንደ ተያዘ ሌባ የዋጠውን ውሃ እስኪያስተፉት።
ከዚያ ደግሞ "በረደው" ብለው ያሞቁታል፤
የገረፈው እጅ መልሶ ያለብሰዋል።
ለማብረድም ከፍለን፣ ለማሞቅም ከፍለን፣
የመብራቱ ሒሳብ በወሩ ሲደርሰን፣
ከቤቱ ወረቀት ሁሉ ደረቁ እሱ ብቻ ነበር።

አምና ኢንጂነር ኽዌ መጣች፣ በርሜል አስጭና።
"ምንድን ነው?" አልኳት።
"ጨው ነው፤ በውሃ የሟሟ።"
ሳቅሁባት። ወደብ ላይ ጨው ማምጣት
ለዝንጀሮ ገደል እንደ ማሳየት!
"ጨው ለራሱ ሲል ይጣፍጣል ይባል የለ?" ብላት፣
"ይሄኛው ለማንም አይጣፍጥ" አለችኝ፣
"የሚያውቀው መጠማት።"

አሁን ከላይ ጨዉ በቀጭኑ ይወርዳል፣
ከታች የባሕሩ አየር ሽቅብ ይሄዳል፤
መሐል ላይ ሲገናኙ፣ ያለ ብርድ፣ ያለ ዱላ፣
አየሩ ሸክሙን አራግፎ ያልፋል ወደ ሌላ።
ጨዉ ይጠጣል። ይጠጣል። እስኪቀጥን ይጠጣል።

የጠጣ ግን ማላብ አለበት፣ ማላብ ሙቀት ይሻል፤
ፀሐይ እንደሆን በኖም ወር ማን በልመና ያወጣታል?
ኽዌ አጥር ተሻግራ አየች። ጎረቤት፣ በረዶ ፋብሪካ፣
ለዓሣ አጥማጅ በረዶ ሲጋግር፣ ለካ
የበረዶውን ትኩሳት ወንዝ ውስጥ ይደፋል።
"ይሄ ሙቀት የማን ነው?"
"የማንም።"
"እንግዲያ የእኛ ይሆናል።"
አንድ ቱቦ አጥሩን ዘለለ።

ማን ያምነኛል ብናገር? የበረዶ ቤት ትርፍራፊ
ለእኛ ጨው እሳት ሆነ፣ የላቡ አስተፊ።
የጠጣውን ሁሉ በጭስ ማውጫው ለሰማይ መልሶ፣
ለራሱ ጥሙን ብቻ አስቀርቶ፣
ይወርዳል እንደገና።

ሹሙ የዘንድሮን ሒሳብ ሁለት ጊዜ አነበበ፤
መነጽሩን ጠረገና፣ ሦስተኛም አነበበ።

ባለፈው ሐሙስ እማማ ኛን መጡ፣
እንደ ዓመት ልማዳቸው፣ ባለቤታቸውን ሊጠይቁ።
በየዓመቱ ገጹ ከገጹ ተጣብቆ
"ከፈትነው ማለት ቀደድነው፤ ይቆዩ" እያልን
ስናቆያቸው ነው ጸጉራቸው ያለቀ።
ዘንድሮ ከፈትኩት።
ገጹ ተንኮሻኮሸ፣ እንደ ረገጡት ደረቅ ቅጠል።
ጀልባ፣ ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አራት። ሰው፣ አምስት።
ቀለሙ ፈዟል። ስሙ ግን አለ።
ጣታቸውን ስሙ ላይ አሳረፉ፤
ብዙ ጊዜ አላነሱም።

"ምን አደረቀው ልጄ?" አሉኝ።
ጨው ልላቸው አልኩና ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።
ጨው ውሃ የዋጠውን ሰው
ስሙን በጨው ውሃ አቆየነው ተብሎ
ለሚስት በየት በኩል ይነገራል?
"ማሽን ነው፣ እማማ" አልኩ።
"ማሽኑ ይባረክ" አሉ።

ኽዌ ስትሄድ አደራ ብላኛለች፦
"ይሄ ጨው ብረት ይበላል። በየማለዳው
መገጣጠሚያው ላይ ነጭ ነገር ካየህ ጥረገው።
ደግሞ እንዳትቀምሰው።"
እጠርጋለሁ። ጨርቄ እንደ ሰሌዳ ደርቋል፤
ከበሩ ውጭ ግን መንገዱ ያልበዋል።
እማማ የሄዱ ዕለት ማታ
ጣቴን ምላሴ ላይ አሳረፍኩት።

መራራ ነው።

ለኽዌ አልቀመስኩትም አልኳት።