የረቡዕ ወተት

ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ በባቡሩ ሆድ ውስጥ፣
ቲኬት ስበሳ ኖርኩ፣ ሰው ከሰው ስመርጥ፤
ማን እንደ ከፈለ፣ ማን እንደ ተደበቀ፣
ዓይኔ ፊትን አይቶ ከሩቅ እያወቀ።
ጡረታ ስወጣ መብሻውን መለስኩኝ፤
ዓይኔን ግን ደብቄ ለራሴ አስቀረሁኝ።

ከዚያ ወዲህ ውሎዬ ሚካኤል ደጅ ነበር፣
ከኒሟ ጥላ ሥር፣ ሰው ሲያልፍ ስቆጥር፣
ነጠላ አጣፍቼ፣ ከነአቶ ሳህሉ ጋር፦
ያኛው ቅዳሴውን ሳይጨርስ ወጣ፣
ይቺስ ምን ሆናለች፣ ሻሽ ካገሩ ታጣ?
ትርንጎ ጫት ሻጯ ብቻዋን ትመጣለች፣
ግንቡን ከውጭ ስማ ሳትገባ ትሄዳለች።
«ኃጢአቷን ታውቃለች» እላለሁ በሹክሹክታ፣
ልክ እስከ ጆሮዋ በሚደርስ ዝግታ።

በዚያ ረቡዕ ቀትር፣ ሰው ምራቁን ሲያጣ፣
የድሬ ቆርቆሮ በሐሩር ሲንጣጣ፣
ትርንጎን አየኋት ከመጋላ ስትወጣ፣
ከሶማሌ ሴት እጅ የግመል ወተት ገዝታ፣
በቢጫ ጀሪካን፣ አፉን በጨርቅ ዘግታ።
በጾም!

ደስ አለኝ። አልዋሽም። ደስ አለኝ ከልቤ፤
አንድ ጉርሻ ሳልቀምስ ጠፋልኝ ረኀቤ።
ለነእማማ ደብሪቱ እንዴት እንደሚጣፍጥ
መንገድ ላይ ነበርኩኝ ቃላት ሳማርጥ።
በደቻቱ አሸዋ፣ ከኋላ ከኋላ፣
የቆመ ባጃጁን እያረግሁ ከለላ፣
በጥንቱ መደዳ፣ በባቡር ቤቶቹ፣
አንዱን በር ስትገፋው ጮኹ ማጠፊያዎቹ።

አወቅሁት ያን ጩኸት። የአስማማው በር ነበር፣
«ዘይት አመጣለሁ» ብዬ የቀረሁበት በር።
አስማማው ባልደረባዬ፣ ካልጋ የማይወርደው፣
ሐኪም ከወተት በቀር ምንም ያልፈቀደው።
ራሱን ደግፋ በማንኪያ ስትሰጠው፣
በስንጥቁ ቆሜ አየሁ፣ እስኪውጠው።
በሩን አላንኳኳሁም።

ሥጋ አልነካሁም ያን ቀን፣ ቅቤ አልቀመስኩም፤
የሰው ሥጋ እንደሆን ካፌ ተለይቶ አያውቅም።
ደሞ ትዝ አለኝ፦ ድሮ፣ ከደወሌ ጣቢያ፣
ጨርቅ በቀሚሷ ሥር ደብቃ ለገበያ፣
«እለፊ» ያልኳት ልጅ ይቺው ነች መሰለኝ፣
ካንዱ ጣቃ ቆርጣ ለሸሚዝ የሰጠችኝ።
ለቅዳሴ እለብሰዋለሁ። እስካሁን አላለቀም።

በሚቀጥለው ረቡዕ መጋላ ወረድኩኝ፣
ጀሪካን አስሞልቼ፣ ጠርሙስ ዘይት ያዝኩኝ።
የሚካኤልን ደጅ ስደርስ ግን ፈራሁኝ፤
ነጠላዬን ገልጬ ወተቱን ሸሸግሁት፣
በብብቴ ይዤ፣ በክንዴ አፈንኩት፣
ልክ እንደዚያች ሴት፣ እንደ ደወሌዋ።

«ምንድን ነው እሱ፣ ጎንህ ላይ ያበጠው?»
አቶ ሳህሉ ነው፤ ካግዳሚው ተነሥቶ፣
እኔው ባስተማርኩት ዓይን ትክ ብሎ አይቶ።
የቆየ ልማድ ሆኖ
ቲኬት ፍለጋ ኪሴን ዳበስኩ።
አልነበረኝም።