ዘጠና አንድ ኪሎ

ዊንዘር፣ ጥር፣ ጠዋት፤ በረዶው ጫማዬ ውስጥ ገብቷል፤
የጋራዤን መዝጊያ ሽቅብ ስገፋው፣ ሬዣን በጎን በር ቀድሞኝ መጥቷል።
ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ ነው እኔ፤
እሱ ጡረተኛ ነው፤ ተንበርክኮ በጠመኔ
ወለሉን ይነድፋል፤
እዚህ ጋ ጎማው ነው፣ እዚያ ሞተር ያርፋል፣
ሰው መሃል ይተኛል፣ ጉልበቱን አጥፎ።
«ተኛበት» አለኝ፣ ኮቴን ከላዬ ገፍፎ፤
እንደ ልብስ ሰፊ ዙሪያዬን ለካኝ፣
የሲሚንቶው ብርድ አጥንቴን ነካኝ።
ስነሣ ወለሉ ላይ ተስሎ የቀረ
የእኔ ቅርጽ አይደለም፤ መኪና ነበረ።

ሞተሩን ያገኘነው ከሞተር ብስክሌት ነው፣
ቻተም መውጫው ላይ አምና ከወደቀው፤
ባለቤቱ ድኗል፤ ሚስቱ ናት የሸጠች፣
ከነሰንሰለቱ፣ ከነቁጣዋ ሰጠች።
ቱቦውን ቆረጥነው እንደ ሸንኮራ አገዳ፤
ትንሽ እሳት ካለፈ ያወጣል ቀዳዳ።
ሃያ ዓመት ስበይድ ፋብሪካ የኖርኩት
ያንን ስስ ቱቦ ግን በፍርሃት ነካሁት።

ሶልያና የኬክ ዱቄት የምትሰፍርበት
የወጥ ቤት ሚዛን ነው የምንመዝንበት፤
ብሎኑ፣ ዳዶው፣ ሮንዴላው ሳይቀር
ሳይመዘን አይገባም፣ ሳይጻፍ በግራም ቁጥር።
ሬዣን «ግራም ሌባ ናት» ይላል፣ ትራፓኖ ሲያነሣ፤
ላሜራው ወንፊት ሆነ፣ ብረቱ ሳሳ።
«ሥራ ፈት ብረት አልወድም፤
ወይ ይሸከም፣
ወይ ይውጣ።»

አንድ ቅዳሜ አቶ ጥሩነህ፣ የዕድሩ ጸሐፊ፣
ደረሰኝ ሊሰጠኝ ቆመ፣ በዚያው በኩል አላፊ።
ጣራና በር የሌለው ያን የብረት አጽም አይቶ፣
ከንፈሩን መጠጠና፣ ትንሽ ዝም ብሎ ቆይቶ፣
«አንተን የመሰለ ሰው! ምነው እንዲህ ቀለልክ?» አለኝ።
ስድብ ነበር። እኔ ግን የሰማሁት
እንደ ምርቃት ነው፤ «ስንት ኪሎ?» ልለው ነበር፣ ተውኩት።
አባቴም ይለኝ ነበር፣ ሰው መሆን መክበድ ነው፤
ድምፅህ ይክበድ፣ እርምጃህ ይክበድ፣ ሳቅህን ቆጥበው።
ከብጄ ኖርኩ እንግዲህ፣ እንደ ወፍጮ ድንጋይ፣
ማንም ሳይገፋኝ፣ የትም ሳልሄድ፣ አንድ ቦታ ላይ።

ሚያዝያ ላይ ከእሽቅድምድም ክበቡ አራት ሚዛን ተውሰን፣
ለየጎማው አንዳንድ፣ መኪናውን አሳረፍን።
ሦስት መቶ ሰማንያ! ሬዣን ኮፍያውን ወረወረ።
«አሁን ግባበት» አለኝ፤ ገባሁ፤ ቁጥሩ ተቀየረ፤
አራት መቶ ሰባ አንድ።
ሁለታችንም ዝም።
ብርዱን ወራት ሁሉ በግራም ስንለቅም፣
ከመኪናው ዕቃ ሁሉ ያልተበሳ፣ ያልተቆረጠ፣
እኔ ነበርኩ፣ መሪው ኋላ ተጎልቶ የተቀመጠ።

«ሶልያና» አለ ሬዣን፣ ወደ ቤት እየጠቆመ።
ሃምሳ ሦስት ኪሎ ናት። ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ቆመ።
ስንት ሌሊት፣ ከብየዳው ጭስ መሃል፣ ያንን መሪ ስይዘው!
ወለሉ ላይ የተነደፈው የእኔ ቁመት፣ የእኔ ትከሻ ነው።
ከባድ ሰው እሺ አይልም። እኔ ግን ቁልፍ አነሣሁ፤
ለአጭር እግሯ ወንበሩን ወደ ፊት አስጠጋሁ።

ግንቦት። አሮጌ አውሮፕላን ማረፊያ፤ አስፋልቱ ሣር አብቅሏል፤
ብርቱካንማ ኮኖች ጠማማ መንገድ ሠርተዋል።
ባንዲራው ሲወርድ እንደ ፌንጣ ተስፈነጠረች፤
ሬዣን ሰዓቱን ማየት ረሳ፤ እጄን ጨብጦ አሳመመኝ።
አንድ ኮን ገጨች፤ ሁለት ሰከንድ ቅጣት፤
ስድስተኛ ወጣች፣ ከሠላሳ ሁለት።

ሄልሜቷን አውልቃ፣ ላቧ በቅንድቧ ሲወርድ፣
«ደስ አለሽ?» ስላት የነገረችኝ ሌላ ጉድ፤
«አባዬ፣ ወደ ግራ ስዞር የግራ ኋላ ጎማው መሬት ይለቃል፤
እዚያ ጋ፣ እዚያ ጥግ ላይ፣ በጣም ቀሏል።»
ሬዣን ሳቀ፤ ጠመኔውን ከኪሱ አወጣና
አስፋልቱ ላይ ተንበረከከ እንደገና።
«አንተ እዚህ ተቀመጥ» አለችኝ፣ «ሞላው ስንት ይወርዳል፣ እንይ።»
ተቀመጥኩ፤ ዘጠና አንድ ኪሎዬን ይዤ፣ ከጎማው በላይ።