ሁለት መኪና፣ አንድ ዳገት

ሠራተኛ ሰፈር፣ ከጋሽ ውብሸት ጋራዥ፣ ከቆርቆሮው ጥላ፣
ሁለት አሮጊቶች ኮፈን ከፍተው ቆመው፦
አንዷ የሚላኖ፣ አንዷ የሙኒክ ገላ።

አልፋዋ ስትነሣ ጉሮሮ ትጠርጋለች፣
ማን ዝፈኚ ብሏት! ብቻ ትዘፍናለች፤
ጥቂት ዝናብ ካየች ግን ቆማ ታኮርፋለች።

ቢኤሟ ቁጥብ ናት፤ ባንክ ቤት እንዳለች ገንዘብ ያዥ፣ ኮስትራ፣
የሰጧትን መንገድ ታስረክባለች፣ ሳንቲም ሳይጎድል፣ ቆጥራ።

«የትኛዋ ትሻል?» ብዬ ስጠይቀው ጋሽ ውብሸት አልሰማም፤
ከጀርመኗ ሆድ ሥር ተንጋሎ ይጮኻል፦
«ካቻቢቴ አቀብል! ፍሪሲዮን ርገጥ! ማርሚታው አልጠበቀም!»
ለካስ እዚህ አገር ሙኒክም ስትታመም፣
በጣሊያንኛ ነው እንጂ በራሷ ቋንቋ አትታከም።

ማታ ለፈተና፣ የክርክራችንን ልናበቃ ጣጣ፣
ከለገሃር ተነሥተን ቸርችልን ሽቅብ ስንነዳ፣
አየሩ ሳስቶ ያቺን ሳል አነቃት፣
ይቺም ቁና ቁና ተንፍሳ፣ ልቧ ሊወጣ፤

ፖስታ ቤቱ ጋ ስንደርስ
ከኋላ ክላክስ ሰማን፦ አንዲት ሰማያዊ ላዳ፣
በሯ በገመድ ታስሮ፣ ጣሪያዋ ላይ ፍራሽ ጭና፣
አለፈችን።
ዞራም ሳታየን ሄደች፣ እንደ ባዳ።