የላላው ስፖንዳ

ሴትዮዋ ዋጋውን አልሸሸገችኝም፦
«ስምንት መቶ ዶላር፤ ሳንቲም አልቀንስም።
ደግሞ በየዓመቱ፣ በረዶው ሳይመጣ፣
አርባ እስር ድርቆሽ ከማሳው ሲወጣ
በረት ታደርሳለህ፤ ይህም ከዋጋው ነው፤
ኦረስት ቢኖር ኖሮ የሚጭነው እሱ ነው።»

ኦረስት ባሏ ነው፤ ካረፈ ሦስት ዓመቱ።
መኪናውም ያኔ ቆመ፣ ከበረቱ
ጀርባ ተገትሮ፣ ጎማው ተንፍሶ፣
አይጥ የወንበሩን ስፖንጅ ጨርሶ።
የሰባ ስምንት ፎርድ፤ ቀለሙ ሰማያዊ
ነው ይላል ወረቀቱ፤
እኔ ያየሁት ዝገት ነው፣ ከበሩ እስከ አንጀቱ።

ሚስቴ ትርንጎ ዞረችው፣ አንዴ፣ ሁለቴ፤
ከዚያ፦ «ይሄ ሬሳ በማን ፈቃድ ገባ ቤቴ?»
ለሥራ ነው አልኳት፤ ፍጉ ኮረብታ አክሎ፣
ወደ ቦዩ ያለው አጥር ተንጋሎ፣
የውሃ በርሜሉ በትንሿ መኪና ተጎትቶ፣
በልጆቹ ወንበር ጠቦት ቀበቶ ታስሮለት ተኝቶ፣
እስከ መቼ?
ዝም አለች። ዝምታዋ እሺታ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤
እንዳላወቀ ሆኜ ክሪክ ፍለጋ ወጣሁ።

ቅዳሜ ሮዴል መጣ። ብሩክስ፣ ሥጋ ፋብሪካው ውስጥ፣
በሌሊት ፈረቃ ጎን ለጎን የምንቆም፤
ኮፈኑን ከፈተና ዝም አለ እንደ ሐኪም፣
ክፉ ወሬ ይዞ መጀመሪያው እንደጠፋው።
«ፒንሳ» ስለው መዶሻ፣ «ካቻቢቴ» ስለው ገመድ አቀበለኝ፤
እሱ የጠራውንስ ለእኔ ማን ይንገረኝ?
የኔ የመኪና ቃል ጣልያን ጥሎት የሄደ፣
የሱ ከአሜሪካ ወታደር ጂፕ ላይ የወረደ፤
ሁለታችንም ብሎን የምንጠራው
በጦር ትርፍራፊ ነው።
ዳዶው ግን ቋንቋ አልመረጠም፤
ለጣልያንም ለአሜሪካንም አልተፈታም።

ስድስት ቅዳሜ ፈጀ። ካንዴላ፣ ቺንጊያ፣ የፍሬን ዘይት፤
ካርቡሬተሩን ያጠብኩት በትርንጎ የሊጥ ሳህን፣ በሌሊት
(እስከ ዛሬ በዚያ ሳህን አልተቦካም)።
በሰባተኛው ሞተሪኖው ጮኸ፤ ሞተሩ ሳለ፤
ጥቁር ጭስ ተፋ፤ ተንገዳገደ፤ እሺ አለ።
ሮዴል ኮፈኑን ሳመው። እኔ ጀርባዬን ሰጠሁ፤
ዓይኔ ውስጥ ጭስ ገብቶ ነው፣ ዛሬም እሟገታለሁ።

በነሐሴ ድርቆሹ ደረሰ።
ማርሚታው ቀዳዳ፣ የኋላው ስፖንዳ የላላ፤
የአልበርታን ሜዳ የሚቀሰቅስ ጩኸት ይዤ
ዶሪን ግቢ ስገባ፣
ታፊ፣ ያ ሽማግሌ ውሻ፣ ዓይኑን ሞራ የጋረደው፣
ሮጠ፤ መሮጥ ከተወ ስንት ጊዜው፣
በቀጥታ ወደ ሹፌሩ በር፣ ጅራቱ ወገቡን እየናጠው።
ወረድኩ። እጄን አሸተተ።
ቁጭ አለ።
ዶሪን በረንዳው ላይ ነበረች፤
ኩባያዋን አንስታ ወደ ውስጥ ገባች።
የዚያን ቀን ድርቆሽ ብቻዬን ጫንኩ።

በሳምንቱ ማርሚታውን ቀየርን፤
የሞተሩ ድምፅ ሹክሹክታ ሆነ።
ሁለተኛውን ጭነት ላነሳ ስሄድ ታፊ ከተኛበት አልተነሳም፤
ቦዩን ስሻገር ግን፣
ስፖንዳው ቋ! ቋ! ሲል፣
አንድ ጆሮው ቆመ።
ቆሞ ቆየ።

«ሁለት ብሎን ነው እኮ» ትላለች ትርንጎ፤
«ሮዴል አምጥቶልሃል፤ ምን አስቸገረህ?»
እሺ፣ ነገ፣ እላለሁ።

በረዶው ወረደ። ፍጉ ማሳው ላይ ተበትኗል፤
አጥሩ ቆሟል፤ በጎቹ ያመነዥካሉ።
ብሎኖቹ ሲጋራ መተርኮሻው ውስጥ ናቸው፤
እነሱም ይንኳኳሉ።